ስልኩ የእሷ፣ ደብዳቤው የእኛ

የካቲት 4

ይድረስ ለአማቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ ሦስቱን ጥያቄዎችዎን ካነበብኩ ወዲህ ደህና አይደለሁም። በየተራ ልመልስ። የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበረ ሰው ጥያቄ ተዘልሎ ሲያይ ደስ እንደማይለው አውቃለሁ።

መጀመሪያ፣ አዎ፣ መጥሪያው ለእኔም ደርሶኛል። ፍርድ ቤቱ በግንቦቱ ቀጠሮ ልጃችን ድንቢጥ ራሷ ቀርባ "ከእናትሽና ከአባትሽ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?" ተብላ እንድትጠየቅ አዟል። ይህ እንዲሆን ያመለከተው ልጅዎ ነው። "የልጅቷ ፍላጎት ይታወቅልኝ" ብሎ። ጥርሷን እየቀየረች ያለች ልጅ ፍላጎት! እኔን ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ ፍላጎቷ ብስክሌትና የጎረቤት ድመት ነው።

ሁለተኛ፣ "ጥያት አልሄድኩም ካልሽ ታዲያ የት ነው ያለሽው?" ብለውኛል። ያለሁት አለቆቼ የወረወሩኝ ቦታ ነው። ዝውውሩ የቅጣት መሆኑን ልጅዎ ያውቃል። "ይግባኝሽ እስኪታይ ሂጂ፣ ድንቢጥ እናቴ ጋ ትሁን" ያለኝ እሱ ነው። ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡሱ ላይ የጫነልኝም እሱ ነው። እኔ እዚህ ከደረስኩ በኋላ ደግሞ የፍቺ ማመልከቻው ላይ "ልጇን ጥላ ሄደች" ብሎ ጻፈ። ሻንጣ የተሸከመው እጁ ያንን ሲጽፍ አላፈረም?

ሦስተኛ፣ "ይህን ሁሉ ለምን በስልክ አንጨርሰውም?" ብለዋል። ስልኩ ያለው የድንቢጥ አልጋ አጠገብ ስለሆነ ነው። ትልቅ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የእሷ ጆሮ ይቆማል። ስለዚህ እንስማማ። ስልኩ የእሷ ይሁን። እሁድ ስደውል ስለ ድመቷ ብቻ እናውራ። የትልልቅ ሰዎች ቆሻሻ በሙሉ በደብዳቤ ይሂድ። ደብዳቤው የእኛ ነው፤ እሷ ገና ማንበብ አትችልም።

እስካሁን ድረስ ምራትዎ የሆንኩት።


የካቲት 19

ለምራቴ፤

ስለ ጉልበቴ መጠየቅሽን አመሰግናለሁ። እሱ እንኳ ከአንቺ ምላስ ይሻላል፤ የሚወጋኝ ሲበርድ ብቻ ነው።

ልጄ ውሸታም አይደለም። የተናደደ ሰው ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባዶ ቤት እየገባ ብቻውን ሲቀመጥ የማይሆን ነገር አሰበ። አልፈርድለትም፣ ግን እንደ ወንበዴ አትጻፊብኝ።

የስልኩን ነገር ሞከርኩት፤ ልክ ነሽ። ምሳ ላይ ለጎረቤቴ አንድ ነገር ሳንሾካሹክ ድንቢጥ ማኘክ አቆመች። ግን ያሰብሽውን ያህል ጊዜ የለንም፤ ፊደል እየለየች ነው። ትናንት የመድኃኒቴን ጠርሙስ አንስታ "በ...ቀን... አንድ... ፍሬ" ብላ አነበበችልኝና "ዛሬ ውጠሻል?" አለችኝ። አልዋጥኩም ነበር።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ዕድሜሽን ፍርድ ቤት የሠራሽ ሰው ይህን ጥያቄ እንዲህ የምትፈሪው ለምንድን ነው? ዳኛው በደግነት ይጠይቃታል፣ ትመልሳለች፣ አለቀ። እኔ ስንት ልጅ ቢሮዬ አስገብቼ ጠይቄያለሁ። ልጅ ስለተጠየቀ አይሞትም።

ልነግርሽ ያሰብኩት ሌላ ነገርም ነበር። ይቆይ።

የባልሽ እናት፣ የልጅሽ አያት።


መጋቢት 2

እማማ፤

"አማቴ" እያልኩ ስጀምር ክስ የምጽፍ ስለሚመስለኝ ነው እማማ ያልኩት። ካልወደዱት ይንገሩኝ።

"ልጅ ስለተጠየቀ አይሞትም" ብለዋል። አይሞትም። ያየሁትን ልንገርዎ። ለምን እንደተቀጣሁ ለማንም በቅጡ ተናግሬ አላውቅም፤ ልጅዎም "ከዳኛ ጋር ተጣልታ ነው" እያለ ነው የሚያወራው።

ሥራዬን ያውቁታል። መስማት የተሳነው ሰው ችሎት ሲቀርብ፣ ዳኛው በአፉ የሚለውን እኔ በእጄ እላለሁ፤ ሰውየው በእጁ የሚለውን እኔ በአፌ እላለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ባለፈው ዓመት አንዲት መስማት የማትችል ልጅ አመጡ። ከድንቢጥ ትንሽ ከፍ ትላለች። ለዚያ ቀን ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ አድርጋለች። እናቷ በዚህ በኩል፣ አባቷ በዚያ በኩል ተቀምጠዋል። ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ከረሜላ ሁሉ ሰጣት። ከዚያ "ማንን ትመርጫለሽ?" አለ። እኔም በእነዚህ እጆቼ ጠየቅኳት።

ልጅቷ እናቷን አየች። አባቷን አየች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው።

እማማ፣ የዚያች ልጅ አፍ እጇ ነው።

ዳኛው "ለምን አትመልስም? ድገሚላት" አለኝ። "ክቡር ዳኛ፣ መልሳለች። ጥፋቱ የጥያቄው ነው፤ አልደግመውም" አልኩ። ጸሐፊዋ እንኳ መጻፏን ረሳች። "ከሥራ ድርሻዋ ወጥታ ተናገረች" ተባልኩና ወደዚህ ተላክሁ። እዚህ መስማት የተሳነው ባለጉዳይ መጥቶ አያውቅም። መዝገብ ቤት አስቀምጠውኝ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ ማኅተም እመታለሁ።

አልጸጸትም፤ ነገም ቢሆን እደግመዋለሁ። ግን ለሌላ ሰው ልጅ ተሟግቼ ስቀጣ፣ የራሴን ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ላያት ነው?

ከልጅዎ ጋር በቤቱም፣ በዕቃውም፣ ባጠፋው ስሜም ጥርሴን ነክሼ እሟገታለሁ። በእሷ አፍ ግን መርታት አልፈልግም። "እናቴን" ብትል እንኳ አልፈልገውም። ከሁለት አንዱን የመረጠች ዕለት ሌላውን የከዳች መስሏት ነው የምታድገው።

አሁን ደግሞ "ይቆይ" ያሉትን ይንገሩኝ። እኔ ጋ ይቆይ የሚባል ነገር አይቆይም።


መጋቢት 20

ልጄ፤

እማማ በይኝ። ባትዪኝ ነበር የሚከፋኝ።

ስለዚያች ልጅ የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ መነጽሬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ድንቢጥ መጥታ "አያቴ፣ ዓይንሽ ደከመ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ያቆየሁት ነገር ይኸውልሽ። እየጻፍኩ ስንት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አንድ ቀን ድንቢጥ "በቃሌ ይዣለሁ፣ ስሚኝ" አለችኝ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ መጋረጃ እሰቅላለሁ። ታውቂኛለሽ፤ በቃሉ ያጠና ልጅ ፊቴ ሲቆም ዲሬክተርነቴ ይነሳብኛል። ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት "ቀና ብለሽ ቁሚ" አልኳት። "ድምፅሽን ከሆድሽ አውጪው" አልኳት። "መጨረሻውን ዋጥሽው፤ እንደገና" አልኳት። ደገመችው። አሳምሬ ካስደጋገምኳት በኋላ ነው ቃሉ ጆሮዬ የገባው።

"እናቴ ጥላን ሄዳለች። እኔ ከአባቴ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።"

ከዚያ እጅ ነሳች። "አሁንስ? ያጨበጭቡልኛል?" አለችኝ።

መጋረጃው ከእጄ ወደቀ። ማን እንዳስጠናት ስጠይቃት "አባዬ! የትልልቅ ሰዎች ዝግጅት አለ፤ እዚያ ነው የማቀርበው" አለችኝ። ትንሽ አሰበችና ደግሞ "ጥላን ሄዳለች ማለት ሥራ ሄዳለች ማለት ነው፣ አይደል?" አለች። "አዎ፣ እሱን ማለት ነው" አልኳት። ደስ ብሏት ወደ ድመቷ ሮጠች።

እንግዲህ ያ ቃል ከልጅሽ አፍ እንዲያ ጥርት ብሎ የሚወጣው በእኔ ሥልጠና ነው። አባትየው ቃሉን ሰጣት፤ ድምፁን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሱን ገና አላናገርኩትም። ምን ብዬ እንደምጀምርለት አላውቅም።


መጋቢት 28

እማማ፤

ደብዳቤዎን መዝገብ ቤት ቆሜ አነበብኩት። በእጄ የነበረውን ማኅተም ጠረጴዛው ላይ ስመታው አጠገቤ የሚሠሩት ሽማግሌ "ጠረጴዛው ምን በደለሽ?" አሉኝ።

ተቀየመችኝ ይሆን ብለው እንዳይጨነቁ። ተቀይሜያለሁ፤ ግን ትንሽ ነው፣ እስከ እሁድ ይለቀኛል። ባይጽፉልኝ ኖሮ ግን ዕድሜ ልኬን አይለቀኝም ነበር።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ለድንቢጥ ያጠናችው መጥፎ ነገር መሆኑን እንዳይነግሯት። አታጥኚው ብለው እንዳይቆጧት። መጥፎ መሆኑን ያወቀች ዕለት፣ ጥፋቱን ራሷ የሠራች ይመስላታል። እንዴት እንደሚያስረሷት እርስዎ ያውቁበታል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። የሰሙትን ለዳኛው ይንገሩልኝ። እኔ ብናገር የሚሰማኝ የለም፤ ጠበቃዬ "የተቆጣች ሚስት ነው የሚሉሽ" ይለኛል። እርስዎን ግን ይሰሙዎታል። የገዛ ልጅዎ ላይ እንዲናገሩ እየጠየቅኩ እንደሆነ አልጠፋኝም። ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።


ሚያዝያ 14

ለምራቴ፤

ደህና ነን። ድንቢጥ አንድ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ በስልክ ነግራሻለች። ዝናብ ጀምሯል። ድመቷ ወልዳለች፣ ስለዚህ ቤት የሚገኝ ሰው የለም።

የጠየቅሽኝን አየሁት። አንቺ ለልጅሽ የምትሆኚውን እኔም ለልጄ እሆናለሁ። ጺም ቢያወጣም ልጄ ነው። በሰው ፊት አላዋርደውም።

እስከ ቀጠሮው ድረስ አትጻፊልኝ።


ሚያዝያ 24

እማማ፤

አትጻፊ ብለውኛል፤ ጻፍኩ። እንደማልታዘዝ ድሮም ያውቃሉ።

ይቅርታ የምጠይቀው ስለ አንድ ነገር ነው። ደብዳቤዎቼን በልቤ መልሼ ሳነባቸው፣ "ልጅዎ" የምትለዋን ቃል ስድብ አድርጌያታለሁ። ልጅዎ እንዲህ አደረገ፣ ልጅዎ እንዲያ አለ እያልኩ፣ እርስዎ የወለዱት ጥፋት አስመሰልኩት። ለዚህ ይቅርታ። ለሌላው አይደለም።

ዳኛው ጋ ይሂዱ ያልኩትን ይተዉት፤ አነሳሁት። አሁን የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። መቅረቡ የማይቀር ከሆነ፣ ያን ቀን አዲስ ልብስ አያልብሷት፤ የዘወትር ልብሷን ታድርግ። ስትወጣ ደግሞ ማንም "ምን አልሽ?" ብሎ አይጠይቃት። አባቷም፣ እርስዎም፣ እኔም።

እኔ ግን ችሎቱ ላይ ተነስቼ እቃወማለሁ። እንደገና ይቅጡኝ። ከዚህ የራቀ ቦታ ካላቸው ይላኩኝ።


ግንቦት 17

እማማዬ፤

በሰላም ገብቻለሁ። የፈቀዱልኝ አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ በቀትሩ አውቶቡስ ነው የተመለስኩት። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት እስክትወጣ ልጠብቅ ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ፊቴን በአንድ ሱቅ መስታወት ሳየው ተመለስኩ። በለቅሶ እንዲያ አብጦ ብታየው "ማን መታሽ?" ነበር የምትለኝ።

የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ብቻዎን ሲመጡ ሳይ ደንግጬ ነበር። አመማት ብዬ። ጸሐፊው "ልጅቷስ?" ሲልዎ፣ "ትምህርት ቤት ናት። ዛሬ ሥዕል አላቸው" ያሉበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

"ትእዛዝ እኮ ነው፣ እናቴ" አለዎት።

"እኔም ስንት ዓመት ሳዝ ኖሬያለሁ። የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰረዛል። ዳኛው የት ናቸው?"

ከዚያ ከድንቢጥ አባት ጋር የዳኛው ቢሮ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። እኔ ውጭ የግድግዳውን ቀለም ስልጥ ቆየሁ። ውስጥ ምን እንዳሉ አልጠይቅዎትም። መብት የለኝም። ለእኔ ብለው ይሁን ለእሷ አልጠይቅም። እሱ ለምን ዓይኑ ቀልቶ እንደወጣም አልጠይቅም። አጠገቤ ቆመና "ማመልከቻዬን አንስቻለሁ። ማንም አይጠይቃትም" አለኝ። ይህን ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ መቀመጫ ፈልጌ አጣሁና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የፍርድ ቤት ሠራተኛ፣ በቀሚስ፣ ኮሪደር መሬት ላይ! ደንታዬ አልነበረም።

የቀረውን እርስዎም ያውቁታል። ከሚመጣው የትምህርት ዓመት ጀምሮ እኔ ጋ ትኖራለች፤ በየዕረፍቱ አባቷና እርስዎ ጋ ትሆናለች። ይህን የተስማማነው እኔና እሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው፣ እያኮረፍን።

ስለ ሥራዬ ለጠየቁኝ፣ ይግባኙ ገና አልታየም። እስኪታይ አልተውም።

የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን ድንቢጥ እንዴት ዋለች? የሰማችው ነገር ነበር?


ግንቦት 26

ልጄ፤

"አልጠይቅም" እያልሽ አንድ ገጽ ሙሉ ጠየቅሽኝ። እነግርሻለሁ።

ልጄን አልከሰስኩትም። አላዋርደውም ብዬሽ ነበር፣ አላዋረድኩትም። የከሰስኩት ራሴን ነው። ለዳኛው "ይህች ልጅ እዚህ መጥታ የምትለውን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "አቋቋሙን፣ የድምፁን አወጣጥ፣ መጨረሻውን አለመዋጡን፣ ሁሉንም። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ብትጠይቋት የምትሰሙት የእኔን ሥራ እንጂ የእሷን ልብ አይደለም።" ዳኛው "ቃሉንስ ማን ሰጣት?" አሉ። መስኮቱን አየሁ።

"እኔ ነኝ" አለ ልጄ።

ትንሽ ልጅ ሆኖ መስታወት ሰብሮ ሲመጣ እንዲያ ነበር የሚለው። ያን ልጅ ለብዙ ጊዜ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ሳይመጣ ቀረብኝ። ትናንት መጣ። ምሳ በላና "ጨው አነሰው" አለ። እሱ ሲያኮርፍ ምግብ አይተችም፤ ስለዚህ እየታረቀኝ ነው።

የድንቢጥን የጥናት ነገር ከቀጠሮው ቀድሜ ጨርሼው ነበር። "ዝግጅቱ ቀርቷል፤ ሌላ ልስጥሽ" ብዬ ስለ እንቁራሪት ራሴ የገጠምኩትን አስያዝኳት። "ይሄ ይሻላል። የፊተኛው ቤት አይመታም ነበር" አለችኝ። ረስታዋለች።

ያን ቀን እንዴት እንደዋለች ጠይቀሻል። ከፍርድ ቤት ተመልሼ ደጃፍ ላይ ጠበቅኳት። ከሩቅ ሳያት ፊቷ ጠቁሯል፣ ቦርሳዋን መሬት ለመሬት ትጎትታለች፣ ከንፈሯ ተንጠልጥሏል። ማን ነገራት? የትኛው ወላጅ፣ የትኛው ምላሱ የማያርፍ?

"ምን ሆንሽ የእኔ እናት?" አልኳት።

"አያቴ፣ ዛሬ በሕይወቴ በጣም መጥፎው ቀን ነው" አለችኝ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። "ማን ምን አለሽ?"

"መምህራችን ሰሌዳ የማጥፋት ተራዬን ለሌላ ልጅ ሰጠችብኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን?"

"ሌላ ምንም አልሆንሽም?"

"አያቴ!" አለችኝ፤ እንደ ሞኝ አየችኝ። "ይሄ አይበቃም?"

አቅፌያት ሳቅሁ። ሳቄን ስታይ ጭራሽ አለቀሰች። "ያስቃል እንዴ?" እያለች። ስቄ ስቄ ጎረቤቶች ወጡ።


ሰኔ 3

እማማዬ፤

ደብዳቤዎን ሳነብ እኔንም ሳቅ ያዘኝ፤ ሽማግሌው ባልደረባዬ ውኃ አመጡልኝ። እፎይ አልኩ። ከየካቲት ወዲህ ትንፋሼን ይዤ የኖርኩ ይመስለኛል፤ ሲወጣ ነው ያወቅኩት። ያን ቀን ሁላችንም ፍርድ ቤት ስንንቀጠቀጥ፣ እሷ ስለ ሰሌዳ ስታዝን ውላለች። እንዳስብበት ይተዉኝ፤ እንደ ምግብ ቀስ እያልኩ ነው የማጣጥመው።

ለልጄ አባት ሰላም ይበሉልኝ። የኋለኛዋን ቃሉን ሰምቻለሁ፤ "እኔ ነኝ" ያላትን። ለጊዜው ሰላምታዬ እዚያ ድረስ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንሂድ። ሰኞ ጠዋት መነጽርዎን አድርገው፣ ያን ጥቁር ኮትዎን ለብሰው፣ መምህሯ ጋ ይሂዱልኝ። ተራው የድንቢጥ መሆኑ ይታወቅ ነበር? በምን ምክንያት ለሌላ ተሰጠ? ለእሷስ ምክንያቱ ተነግሯታል? "ትንሽ ነገር ናት" ካለችዎ፣ ለልጅቷ ትንሽ እንዳልሆነች ያስረዷት። ትምህርት ሳይዘጋ ተራዋ ይመለስላት፤ ዳስተሩም ይሰጣት።

እናትየው ይግባኝ ማለት ታውቅበታለች ይበሏት።